ከጆሮ ድንጋይ ላይ ዕድሜ ስንቆጥር፦ ስድስት ቀን በጎንደር

ዓርብ

አዘዞ ስናርፍ ገና ሦስት ሰዓት አልሞላም። ሻንጣዬ ብዙም አላሳሰበኝም። ሙሉ መንገዱን በጉልበቴ ላይ ይዤ የመጣሁት አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ናት። ውስጧ 24 ስላይድ፣ ማለትም በማይክሮስኮፕ ሥር የሚቀመጥ ስስ መስታወት፣ አለ። በእያንዳንዱ ላይ ከጥፍር የሳሳ የድንጋይ ቁራጭ ተለጥፏል። ሁሉም የወጡት ከኮራል ሪፍ፣ ማለትም ባሕር ውስጥ ካለ የኮራል ዐለት፣ ዓሣዎች ጭንቅላት ውስጥ ነው።

ላለፉት ጥቂት ዓመታት ሥራዬ እነዚህን ድንጋዮች በማይክሮስኮፕ እያየሁ ቀለበታቸውን መቁጠር ነበር። ዓሣው ስንት ዓመት ኖረ? በስንት ዓመቱ ስንት ሴንቲሜትር ደረሰ? ማደግ ያቆመው መቼ ነው? ወደ ጎንደር ያመጡኝ ሁለት ጉዳዮች ናቸው። አንዱ አክስቴ ናት፤ ካየኋት ቆየሁ። ሌላው በጣና ዓሣ ላይ የመመረቂያ ጥናት የሚሠሩ አራት ተማሪዎች ናቸው። ድንጋዩ እንዴት እንደሚወጣና እንደሚነበብ አሳየን ብለውኛል።

አክስቴ ቡናውን አቀራርባ ጠበቀችኝ። ሁለተኛው ስኒ ላይ ስትደርስ ጠየቀችኝ።

«እስኪ ሥራህን በደንብ ንገረኝ። ሰው ሲጠይቀኝ የምለው አጣሁ።»

«የዓሣ ዕድሜ እቆጥራለሁ እትዬ።»

«በምኑ? በሬ እንደሁ በጥርሱ ነው። ላም በቀንዷ።»

ደምቢያ ገጠር ነው ያደገችው። ላም በወለደች ቁጥር ቀንዷ ላይ ቀለበት ይቀራል፤ ገበሬ እሱን ቆጥሮ ስንት ጊዜ እንደወለደች ያውቃል። እኔ ለአክስቴ ለማስረዳት መላ ሳወጣ ነበር የመጣሁት። መላው እሷው ጋ ነበር።

ዓሣም እንደዚያው ነው አልኳት። ጆሮው ከውጭ አይታይም እንጂ ውስጥ አለው። እዚያ ውስጥ ሦስት ጥንድ ጠንካራ ድንጋዮች ይቀመጣሉ፤ ባለሙያዎቹ ኦቶሊት ይሏቸዋል። ዓሣው የሚሰማውም ሚዛኑን የሚጠብቀውም በእነሱ ነው። የተሠሩት ከካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ የእንቁላል ቅርፊትም ከዚሁ ነው። በየቀኑ እንደ ሽንኩርት አንድ ስስ ሽፋን ይደረብባቸዋል። አጥንት ይታደሳል፤ ዓሣው ሲራብ ከቅርፊቱም ሊወሰድበት ይችላል። ከጆሮ ድንጋዩ ላይ ግን አንዴ የተደረበው አይነሳም። ከተፈለፈለበት ቀን አንሥቶ ያለው ሁሉ እዚያው ተመዝግቦ ይኖራል።

አክስቴ ትንሽ ዝም አለችና፣ «ለመሆኑ ነገ ዓሣ ይዘህ ልትገባ ነው?» አለችኝ።

ሁዳዴ ነው። ዓሣ ጾም ነው አይደለም የሚለው ክርክር በየቤቱ አለ። በእሷ ቤት ግን ክርክር የለም፣ አይበላም። «ለሥራህ ከሆነ ክፈተው። በሰታቴዬና በቢላዬ ግን አይሆንም» አለችኝ። ተስማማን።

ቅዳሜ

ጠዋት ወደ ቅዳሜ ገበያ ወርጄ ቢላ፣ ወረንጦና የልብስ ሰፊ ሜትር ገዛሁ። ከዚያ በባጃጅ ወደ ፒያሳ ተመለስኩና ከጎርጎራ የመጣ ዓሣ ወደሚሸጥበት አንድ ቤት ገባሁ። አንዲት ወጣት ቀረሶውን ፊሌቶ ታወጣለች። እጇ እንዴት እንደሚፈጥን! ራሱ ግን አጥንቱ እንደተያያዘ ወደ ባልዲ ይወረወራል።

«ራሱን ፈልጌ ነው» አልኳት።

«ለድመት ነው?»

«ለጥናት። ግን ከመቁረጥሽ በፊት ርዝመቱን ልለካ።»

ይህን ሁልጊዜ ለተማሪዎች እናገራለሁ። ርዝመቱን ሳትለካ ራሱን ብቻ ይዘህ ከሄድክ ግማሹን ነገር ትተህ መጣህ ማለት ነው። ዕድሜ ብቻውን ዕድሜ ነው። ዕድገት የሚታወቀው ዕድሜና ርዝመት ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው። ልጅቷ ሥራዋን አቁማ አንድ በአንድ አስለካችኝ። አሥር ቀረሶ፣ ሦስት አምባዛ፣ ሁለት ነጭ ዓሣ። የራሱን ሂሳብ ልክፈል ስላት አልተቀበለችኝም። «ለሚጣል ነገር ብር አልወስድም» አለች።

ከሰዓት አክስቴ ጓሮ አሮጌ ጣውላ ላይ ሥራ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ቀረሶ 27 ሴንቲሜትር ነው። ቢላውን ከዓይኑ ትንሽ ከፍ አድርጌ ወደ ኋላ አጋድሜ አስገባሁት። የራስ ቅሉ ክዳን እንደ ቆርኪ ተነሣ። መጀመሪያ የሚታየው አንጎሉ ነው፤ ነጣ ያለ፣ ለስላሳ። እሱን በወረንጦ ቀስ አድርገህ ገለል ስታደርገው ከሥሩ በግራና በቀኝ ሁለት ጉድጓዶች አሉ። በየጉድጓዱ ውስጥ ውኃ የመሰለ ፈሳሽ ያዘለ ስስ ከረጢት አለ። ድንጋዩ የተኛው እዚያ ነው። ወረንጦው ሲነካው እንደ ስኒ ስብርባሪ ቅጭል ይላል። ይህን ድምፅ ስንት ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አሁንም ስሰማው ደስ ይለኛል።

አውጥቼ በውኃ አለቅልቄ ጣቴ ላይ አስቀመጥኩት። ከስንዴ ፍሬ ትንሽ ይበልጣል። አንዱ ፊቱ ጎበጥ ያለና ለስላሳ ነው፤ በሌላው ፊቱ ላይ ከጫፍ ተነሥቶ ወደ መሐል የሚሄድ ቦይ አለ። ጠርዙ የተተለተለ ነው። አክስቴ መነጽሯን ይዛ መጣች።

«ይቺ ናት? የጨው ፍርፋሪ አይደለችም እንዴ?»

በእጇ አልነካችውም። ግን ለረጅም ጊዜ አየችው።

አምባዛውና ነጭ ዓሣው እንደ ቀረሶ ቀላል አይደሉም። ቀረሶ ላይ ትልቅ የሆነው ድንጋይ እነሱ ጋ እንደ መርፌ ቀጭን ነው፤ ገና ስትነካው ይሰበራል። ስለዚህ ከሦስቱ ጥንድ ሌላውን መፈለግ ግድ ይላል። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ።

ማታ አክስቴ በቀኝ እጇ መቁጠሪያዋን እንደያዘች፣ «ያ በሳጥን ያመጣኸው ዓሣ ስንት ዓመት ይኖራል?» አለችኝ። መልሱ አንድ አይደለም። ኮራል ሪፍ ላይ ጎረቤታሞች ሆነው ዕድሜያቸው ሰማይና ምድር የሆነ ዓሣዎች አሉ። አንዷ ትንሽዬ ጎቢ ናት፤ ርዝመቷ ሁለት ሴንቲሜትር ገደማ። አውስትራሊያ ግሬት ባሪየር ሪፍ ላይ የጆሮ ድንጋይዋን የዕለት ቀለበት የቆጠሩ ተመራማሪዎች ከ59 ቀን በላይ የኖረች አላገኙም። ሦስት ሳምንት ያህሉን ጨቅላ ሆና በሰፊው ባሕር ላይ ታሳልፋለች። ወደ ሪፉ ተመልሳ ለአቅመ መውለድ ትደርሳለች፣ እንቁላል ትጥላለች፣ ታልፋለች። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ጾሙ ሲያዝ የተፈለፈለች ጎቢ ትንሣኤን ብታይ ከዚያ በኋላ የሚተርፋት አራት ቀን ነው።

«እኔን!» አለች አክስቴ። ከልቧ አዘነች።

በሌላው ጫፍ ደግሞ በምዕራብ አውስትራሊያ ሮሊ ሾልስ ከሚባለው ሪፍ የተያዘች ስናፐር የምትባል ዓሣ አለች። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት ዕድሜዋን 81 ዓመት ብሎ ቆጥሮታል። የተወለደችው በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው ማለት ነው፤ የፒያሳ ሕንፃዎች በጣሊያን ጊዜ በተሠሩበት ዘመን። አክስቴ የተወለደችበትን ዓመት በትክክል አታውቀውም። «ጣሊያን በወጣ በዓመቱ» ነው የሚሏት። መታወቂያዋ ላይ ያለው ዓመት ቀበሌ በግምት የሞላው ነው።

«እንግዲያው ታላቄ ናት» አለች።

እሑድ

ደብረ ብርሃን ሥላሴ አስቀደስን። ጣሪያው ላይ ያሉት የመላእክት ፊቶች አሁንም በትልልቅ ዓይናቸው ቁልቁል ያያሉ። ከሰዓት አክስቴ ጋደም ስትል የፋሲል መዋኛ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ግንቡን አቅፈው የወረዱትን የዛፍ ሥሮች ሳይ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። ሌላ ምንም አልሠራሁም።

ሰኞ

ከሁለቱ ተማሪዎች ጋር ወደ ጎርጎራ። ሚኒባሱ አዘዞ ላይ ታጥፎ በቆላድባ በኩል ይወርዳል። የደምቢያ ሜዳ ዋልካው ተሰነጣጥቋል፤ ዝናብ እየጠበቀ ነው። 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን ሰው ሲወርድ ሰው ሲጫን ረፋዱ አለፈ።

ጣና ሲታይ ሁሌም ባሕር ነው የሚመስለኝ። ስፋቱ ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ጥልቀቱ ግን የትም ቢሆን ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም። የሚደንቀው ውስጡ ያለው ነው። እኛ በአንድ ቃል «ነጭ ዓሣ» የምንለው ከ15 በላይ ዝርያ ነው። አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። አፉ ወደ ላይ የሆነ አለ፣ ወደ ታች የሆነ አለ፣ ከንፈሩ የወፈረ አለ፣ ሌላ ዓሣ አሳዶ የሚበላ አለ።

ታንኳው አጠገብ መረብ የሚጠግኑ አንድ ጠና ያሉ ዓሣ አስጋሪ አገኘን። ከልጅነታቸው ጀምሮ እዚሁ ናቸው። አንደኛው ተማሪ፣ «አባባ፣ የዓሣ ዕድሜ በምን ይለያል?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ትልቁ ሽማግሌ ነዋ። ምን ይጠየቃል?»

ሳጥኔን ከፍቼ ሁለት ስላይድ አወጣሁ። የሁለት ዓሣ ድንጋይ ነው፤ የአንድ ዝርያ። ጭራቸው ሥር ምላጭ የመሰለ እሾህ ስላላቸው ፈረንጆቹ «የቀዶ ሐኪም ዓሣ» የሚሏቸው ናቸው። የሁለቱም ርዝመት በግማሽ ሴንቲሜትር እንኳ አይለያይም። አንደኛው 5 ዓመቱ ነው። ሁለተኛው 33። ሰውየው ወደ ፀሐይ አድርገው በባዶ ዓይናቸው ቢሞክሩ ቀለበቱ አይታይም። የድንጋዩ ውፍረት ግን ይለያል፤ እሱን አዩት።

በግሬት ባሪየር ሪፍ ላይ የተጠኑት የዚህ ቤተሰብ ዓሣዎች በሦስትና በአራት ዓመታቸው የመጨረሻ ቁመታቸው ላይ ሊደርሱ ትንሽ ነው የሚቀራቸው። ከዚያ በኋላ 30፣ 40 ዓመት በዚያው ቁመት ይኖራሉ። ሰውነቱ ማደግ ቢያቆምም ድንጋዩ አያቆምም፤ በየዓመቱ መደረቡን ይቀጥላል። ስለዚህ በሜትር ለክቶ ዕድሜ የሚገምት ሰው የ33 ዓመቱን አዛውንት 5 ዓመት ሊለው ይችላል። ቀድሞ ብዙ ባለሙያ የሐሩር አገር ዓሣ ክረምት ስለሌለው ቀለበት አይኖረውም ይል ነበር። ዕድሜውም አጭር ይመስላቸው ነበር። ድንጋዩ በስሱ ተሞርዶ ሲታይ ቀለበቱ ቁጭ ብሎ ተገኘ።

ሰውየው ስላይዱን መለሱልኝና መረባቸውን ዘርግተው አሳዩኝ።

«እና የዚህን ዓይን ምን ያህል ላስፋው?»

እኔ ዕድሜ እያወራሁ እሳቸው ወደ ዋናው ጥያቄ ሄደው ነበር። የዚህ ሁሉ ቆጠራ ጥቅም ይኸው ነው። ዓሣው በስንት ዓመቱና በስንት ሴንቲሜትሩ ይወልዳል? መረቡ ከዚያ በፊት ከያዘው ሳይተካ ነው የሚሄደው። ረጅም ዕድሜ የሚኖር ዓሣ በተፈጥሮ በየዓመቱ የሚሞትበት ጥቂት ነው፤ የሚተካውም በዝግታ ነው። ስለዚህ ከእሱ መውሰድ የሚቻለው ትንሽ ነው። ነጭ ዓሣ ደግሞ ቀስ ብሎ አዳጊ ነው። ብዙዎቹ ዝርያዎች በክረምት መገጭንና ጉማራን ወደመሳሰሉ ወንዞች ወጥተው ነው እንቁላል የሚጥሉት። ወንዙ አፍ ላይ መረብ ሲጋረጥባቸው፣ አንዳንዴም ዓሣ የሚያደነዝዘው የብርብራ ዱቄት ሲበተንባቸው፣ የሚያልቁት ሊወልዱ የተሰበሰቡት ናቸው። ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ብቻ የሚወልዱት ነጭ ዓሣዎች ብዛት ሦስት አራተኛ ያህል እንደቀነሰ ጥናት አሳይቷል። ይህን ቁጥር ባሰብኩት ቁጥር ያመኛል። አንድ ነጭ ዓሣ ለመውለድ የሚፈጅበትን ዓመታት የትኛውም ፕሮጀክት አያሳጥረውም።

ሰውየው ከያዙት ውስጥ ትልቁን ነጭ ዓሣ ሰጡን። ሙሉ ዋጋውን ከፈልን።

ማክሰኞ

ቤተ ሙከራ። ሥራው ወግ የለውም፤ ትዕግሥት ብቻ ነው። ድንጋዩ ሲሞቅ በሚቀልጥ ሙጫ ስላይድ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ በውኃ በራሰ ብርጭቆ ወረቀት፣ መጀመሪያ 800 ቁጥር ከዚያ 1200፣ እስከ መሐሉ ድረስ ይሞረዳል። ገልብጠህ በሌላው ወገን ትደግመዋለህ። መጨረሻ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ቅጠል ይቀርሃል። ላዩን ቀለም የሌለው ኩቴክስ ቀባ ስታደርገው ጭረቱ ጠፍቶ ቀለበቱ ይጠራል። ኩቴክሱን ከተማሪዎቹ አንዷ ከቦርሳዋ አወጣች።

የመጀመሪያውን ለማሳየት እኔ ሞረድኩ፤ እያወራሁም ነበር። መሐሉን አለፍኩት። መሐሉ ከሄደ የመጀመሪያው ዓመት ሄደ፤ ያ ዓሣ ዕድሜው ላይታወቅ ቀረ። በጣም ቆጨኝ። ዓሣው የተያዘው አንዴ ነው። ደግነቱ ድንጋዩ ጥንድ ነው፤ ሁለተኛውን ለተማሪዎቹ ሰጠኋቸውና እነሱ በዝምታ በትክክል ሠሩት።

ቆጠራ ስንጀምር መብራት ጠፋ። መደርደሪያ ላይ መስታወት ያለው የድሮ ማይክሮስኮፕ ነበር። መስኮቱ አጠገብ አድርገን የፀሐዩን ብርሃን በመስታወቱ ወደ ላይ መለስነው። እንደውም ከአምፖሉ የተሻለ ታየ።

አንድ የሪፍ ዓሣ ስላይድ አስቀመጥኩላቸው። ርዝመቱንም ዕድሜውንም አልነገርኳቸውም፤ ከነገርካቸው ዓይን የሰማውን ይቆጥራል። እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ቆጥረው ወረቀት ላይ ጻፉ። 28፣ 31፣ 30፣ 30። የመጀመሪያው ቆጣሪ ጠርዙ ላይ የተጠጋጉትን ሦስቱን እንደ አንድ አይቷቸዋል። እንዲህ ነው የሚሠራው። ሁለትና ሦስት አንባቢ፣ በተለያየ ቀን፣ ሳይተያዩ። ልዩነቱ ሲበዛ ያ ድንጋይ ይወጣል።

ቀጥሎ አንደኛዋ ተማሪ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀች። አንድ ቀለበት አንድ ዓመት መሆኑን በምን አወቅን?

ከሁሉም ከባዱ ይህ ነው። አንደኛው መንገድ ቴትራሳይክሊን ነው። አዎ፣ ያው ጤና ጣቢያ ለትራኮማ የሚሰጠው የዓይን ቅባት መድኃኒት። ዓሣው በመርፌ ሲወጋ መድኃኒቱ በዚያ ቀን በሚደረበው ሽፋን ውስጥ ይገባል፤ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ቢጫ ሆኖ ያበራል። ዓሣው ተለቅቆ ከዓመት በኋላ እንደገና ከተያዘ ከቢጫው መስመር ወዲህ ስንት ቀለበት እንደተጨመረ ትቆጥራለህ። ሌላው መንገድ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሞከሩት የኑክሌር ቦምቦች ናቸው። ያን ጊዜ አየሩና ባሕሩ ውስጥ የራዲዮ ካርበን፣ ማለትም ጨረር የሚያወጣ የካርበን ዓይነት፣ መጠን ጨመረ። ኮራሉም ዓሣውም ድንጋዩ ውስጥ ያዘው። የድንጋዩ መሐል ያለውን መጠን ለክተህ ዓሣው ከቦምቡ በፊት ተወለደ ወይስ በኋላ ትለያለህ።

ለእኛ አገር ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣ የሐዋሳ ሐይቅ ጥናት የቀረሶ ድንጋይ በዓመት ሁለት ቀለበት እንደሚያወጣ አሳይቷል። አንዱን ቀለበት አንድ ዓመት ብለህ ብትቆጥር የሦስት ዓመቱን ዓሣ ስድስት ትለዋለህ። ቀስ ብሎ ያድጋል ትላለህ፤ ከዚያ የሚወጣው የመረብ ምክርም የተሳሳተ ይሆናል። ቅዳሜ ያወጣሁት የ27 ሴንቲሜትሩ ቀረሶ ላይ ስድስት ቀለበት ቆጠርን። ተማሪዎቹ «ስድስት ዓመት» ብለው ጻፉ። እስክሪብቶ አስቀመጥኩና «ስድስት ቀለበት» ብለው እንዲያስተካክሉት ለመንኳቸው። ዓመቱን የሚሰጠው ሌላ ሥራ ነው።

ያን ሥራ ሰሌዳው ላይ አቀድን። በየወሩ ራስ ይሰበሰባል። በየወሩ የመጨረሻው ቀለበትና የድንጋዩ ጠርዝ መካከል ያለው ርቀት ይለካል። ርቀቱ በዓመት አንዴ ብቻ ከጠበበ ቀለበቱ የዓመት ነው፤ ሁለቴ ከጠበበ የግማሽ ዓመት። ማሽን አይፈልግም፤ የሚፈልገው አንድ ወር አለመዝለል ነው። ከዚያ በኋላ ነው ዕድሜንና ርዝመትን ነጥብ በነጥብ አስቀምጦ ቤርታላንፊ የሚባለውን የዕድገት መስመር ማስመር የሚቻለው። መጀመሪያ ሽቅብ ይወጣል፣ ቀስ በቀስ ይጋደማል። የሪፉ «ቀዶ ሐኪም» መስመር ግን ገደል ወጥቶ አምባ ላይ የሚሄድ ሰው ነው የሚመስለው። አቀበቱ አጭር፣ አምባው ረጅም። የጣናው ነጭ ዓሣ የትኛውን ይመስላል? ጎርጎራ የሰጡን ትልቁ ድንጋዩ ወጥቶ ፖስታ ውስጥ ገብቷል። ፖስታው ላይ ቀኑ፣ ቦታውና ርዝመቱ ተጽፏል።

ረቡዕ

አክስቴ ዳቦ ቆሎ በፌስታል አሰረችልኝ። ከዚያ ቅዳሜ ያየቻትን ድንጋይ ጠየቀችኝ። የአንዱ ቀረሶ ሁለተኛ ድንጋይ ሳይሞረድ ተርፎ ነበር፣ አወጣሁላት። በዚህ ጊዜ በጣቷ ያዘችው። ወደ መስኮቱ አዙራ አየችው።

«ክረምቱ የትኛው ጋ ነው?»

ጠርዙን አሳየኋት። አምና ክረምት እዚህ አካባቢ ነው አልኳት። በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አስቀረችው።

ወደ አዘዞ ስንሄድ ስልኬ ጠራ። ዓሣ ቤት ያለችው ልጅ ናት።

«ወንድሜ፣ አሥራ ሁለት ራስ አስቀምጬልሃለሁ። ሁሉንም ለክቻቸዋለሁ፤ በየራሱ ላይ ወረቀት አስሬበታለሁ። ማን ይወስዳቸዋል?»

የአንዷን ተማሪ ስልክ ሰጠኋት።